ወረቀት ሲመጣብን
(በአርብ ገበያ ለእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ካለፈው ጉባኤያችን ወዲህ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን እያልኩ፣ እኛንም ለዛሬዋ ቀን ስላደረሰን አምላካችንን አመሰግናለሁ። ቀጥሎም ይህንን ንግግር እንዳደርግ ለጋበዙኝ ለእድሩ ዳኛና ለጸሐፊያችን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱም እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የሕግ ሰውም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ስለሆነ፣ የሰው ወረቀት በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የትም እንደሚቀር በዓይኔ አይቻለሁ። የምናገረውም ይህንኑ ያየሁትን ነው።

ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ሁለት ዓይነት ወረቀቶች ነው። አንደኛው የቤት ግብር ግምት ተሻሽሏል ተብሎ በእጃችን የሚሰጠን ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ቆርጦ የሚሰጠው የክስ ወረቀትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ችሎት ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ታዲያ ይህ ከእድር ጋር ምን አገናኘው? እድር የሚቀብር እንጂ የሚከራከር ነው ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ እናስተውል። ጡሩምባ የሚያስነፋን ሞት ዛሬ ዛሬ ከበሽታ ብቻ አይመጣም፤ ከመንገድም ይመጣል። ቀብረን ድንኳኑን አጥፈን ስንመለስ ደግሞ ሟቹ ቤት ውስጥ የሚቀረው የግብር ወረቀት ነው። ባል በሕይወት ሳለ ደረሰኙን የት እንደሚያስቀምጥ ሚስት አታውቅም። አርባው ሳይወጣ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የተጻፈውም በሟች ስም ነው። እንግዲህ እድሩ ሐዘንተኛዋን ሦስት ቀን ካጽናና በኋላ ለዚህ ብቻዋን ቢተዋት ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ሀ/ ስለ ቤት ግብር ግምት

ግምት የሚባል ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ስለ አሥራት ገማች ሲያወሩ ሰምተናል። እህሉ ገና በማሳ ላይ እንዳለ ገማቹ ከዳር ቆሞ አይቶ «ይህን ያህል ይወጣዋል» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ኧረ ከዚያ ያንሳል» ይላል። ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። አሥራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በአዋጅ ቁጥር 255 ሲተካው ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት አዲሱ ግብር ያለው ብዙ፣ የሌለው ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ ነበር። ነገር ግን ጎረቤታችን ጎጃም ውስጥ ምን እንደተከተለ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ገበሬው ገማቾቹን አላመናቸውም። መሬቴ የሚቆጠረውና የሚለካው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ሠጋ። በ1960 እና በ1961 ዓ.ም. አመጽ ተነሣ፤ ጦር ዘመተ፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተዛወሩ፤ ንጉሡም ውዝፍ ግብር ማሩ።

ይህንን ታሪክ ያነሣሁት ማንንም ለማነሣሣት አይደለም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው፣ ሰው የሚቆጣው በግብሩ ብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ካልተነገረውና አቤት የሚልበት ካጣ ይቆጣል። ሲነገረውና ሲሰማ ግን እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል።

አሁን ወደ ከተማ ቤት እንምጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በዓመቱ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ወጣና የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር የሚከፈልበት ሥርዓት ተደነገገ። የቤት ግብሩ የሚታሰበው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ያወጣል ተብሎ ነው። ምጣኔውም እንደ ኪራዩ ግምት ከመቶ 1 ተነሥቶ እስከ ከመቶ 4 ከግማሽ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤትም «ቢከራይ ኖሮ» ተብሎ ይገመታል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «ያላከራየሁትን ቤት ኪራይ እንዴት ይጽፉብኛል?» ይላል። የተጻፈው የተቀበለው ኪራይ ሳይሆን የቤቱ ግምት መሆኑን የሚያስረዳው ሰው አያገኝም።

ችግሩ ሕጉ ከወጣ በኋላ ግምቱ በብዙ ቦታ ሳይነካ መቆየቱ ነው። አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለውን ግምት ያሻሻለችው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከ1968 እስከ 2015 ሲቆጠር 47 ዓመት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዓመት የቤቱ ዋጋ ሲያድግ ግብሩ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። የተኛ ነገር በአንድ ቀን ሲነቃ ያስደነግጣል። በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ቢጨምር ኖሮ ማንም አይደነግጥም ነበር።

ቀጥሎም በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ቁጥሩ 1365/2017 ነው። ይህ አዋጅ ማዕቀፍ ነው፤ ዝርዝሩን ክልሎችና ከተሞች በየራሳቸው ሕግ ይወስናሉ። ዋናውን ነገር በቀላሉ ላስረዳ። ግብሩ የሚሰላው ከንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ሳይሆን ከዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። በዚያ 25 በመቶ ላይ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት መጠቀሚያ ደግሞ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይጣላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት 800,000 ብር ተገመተ እንበል። ከመቶ 25 ሲወሰድ 200,000 ብር ይሆናል። በዝቅተኛው በ0.1 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 200 ብር፣ በከፍተኛው በ1 በመቶ ሲሰላ 2,000 ብር ነው። እንግዲህ «ቤትህ 800,000 ብር ተገመተ» ሲባል ሰው 800,000 የተጠየቀ መስሎት ራሱን ሊስት አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ግምቱ በ100,000 ብር ቢሳሳት በየዓመቱ እየተደገመ የሚከፈል ስሕተት ስለሚሆን ዝም ሊባልም አይገባም።

ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በሥራ ምክንያት ረዥም ዘመን በኖርኩበት በሌላ ከተማ አንዲት ቤት ነበረችኝ። የከተማውን ስምም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አላነሣም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለምና። አንድ ዓመት የግምት ማሻሻያ ወረቀት መጣልኝ። ግብሩ ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ፣ የሰውን አቤቱታ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው፣ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ወረቀቱን በደንብ ሳላነብ እንደ እብድ ሮጬ ሄድኩና በመስኮቱ ላይ ጮኽኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

ቤቴ ገብቼ ሲበርድልኝ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ቤቴ 6 ሜትር በ8 ሜትር ናት፤ 48 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው 84 ነው። 4 እና 8 ቦታ ተለዋውጠዋል። እኔ ራሴ በዘመኔ ስንት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሠርቼ ይሆን! ከሐሳብ ብዛት፣ ከድካም፣ ከራበው ሆድ የሚመጣ ስሕተት ነው። ክፋት አልነበረበትም።

በማግሥቱ የድሮውን ደረሰኝና የቤቴን ፕላን አያይዤ ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። «በድያለሁ፣ ተበድያለሁ» የሚል ቃል አላስገባሁበትም። «48 መሆን የሚገባው 84 ተጽፏልና በባለሙያ ተለክቶ ይታረምልኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው መጡ። ለኩ፤ 48 ሆነ። ከዚያ አንደኛው ጓሮ ዞሮ «ጋሼ፣ ይቺ ወጥ ቤት መቼ ተሠራች?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሳላስመዘግብ የጨመርኳት ባለ 9 ካሬ ሜትር ወጥ ቤት ነበረች። 48 እና 9፣ በጠቅላላው 57 ካሬ ሜትር ተብሎ ታረመ። ከ84 ወደ 57 ወረደልኝ፤ እኔ የጠበቅሁት 48 ግን አልሆነም። ሳኩርፍ ባለቤቴ «ታዲያ ወጥ ቤቷ የጎረቤት ናት?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወረቀት ሲመጣ ከመጮህ በፊት ማንበብ፤ ማንበብ የማይችል የሚያነብለትን መፈለግ። ሁለተኛ፣ ግምት ማለት ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን መመርመር። ስፋቱ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት የተባለው፣ ቦታው የትኛው ደረጃ ውስጥ የገባው፣ የባለቤቱ ስም፣ ሁሉም ይታይ። ሦስተኛ፣ አቤት ስንል የራሳችንም ነገር አብሮ እንደሚታይ ማወቅ። በንጹሕ እጅ የሄደ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል።

ለ/ ስለ ትራፊክ ክስ

የመጀመሪያዪቱ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል። ወደ እኛ አገር እስክትደርስ ስንት ዘመን ወሰደባት! ቻይናዎቹ ከወረታ ወልዲያ ያለውን መንገድ ሲሠሩ እኛ ልጆች ነበርን። ዛሬ ዓርብ ዓርብ ገበያው ሲደምቅ አይሱዙውም፣ ባጃጁም፣ አህያውም፣ ሕፃን ያዘለችውም በአንድ መንገድ ይተሻሻሉ። ልጆቻችንም የዕለት እንጀራቸውን በባጃጅ መሪ ላይ ይዘዋል። ስለዚህ የትራፊክ ክስ ባለጸጋን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የትራፊክ ጉዳይ ሁለት መልክ አለው፤ እነዚህን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አደጋ ሳይደርስ ደንብ በመጣስ ብቻ የሚመጣው ነው። ትርፍ መጫን፣ ቦሎ አለመለጠፍ፣ ያለ ቦታው መቆም ይህንን የመሰለው ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 208 መሠረት ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ እርከን ከ80 እስከ 180 ብር ነበር። በኋላ ግን ደንቡ ተሻሽሎ ቅጣቱ ከፍ ስላለ «80 ብር ምን አላት» ይባል የነበረው ቀርቷል። ሁለተኛው ሰው ሲጎዳ ወይም ሲሞት የሚመጣው ነው። ይህ ፖሊስ ፕላን አንሥቶ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቶ በፍርድ ቤት የሚታይ የወንጀል ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ከአንድ በላይ ሰው የገደለ ወይም ደንብን አውቆ የጣሰ እንደሆነ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት አለበት። የባጃጅ ልጆቻችን ይህንን ይስሙልኝ።

ከመጀመሪያው ዓይነት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኅቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ትርፍ ጭነሃል» የሚል የክስ ወረቀት ከሌላ ከተማ ደረሰው። ልጁ «አልነበርኩም» ብሎ ማለ፤ ግን መሐላ በችሎት ፊት ብቻውን አይበቃም። ቀኑን ሳየው አንድ ነገር ታወሰኝ። በዚያን ቀን እኛ ቀብር ላይ ነበርን። ጸሐፊያችንን ጠይቄ የስም መጥሪያውን መዝገብ አስወጣን። ልጁ ድንኳን ከተከሉት መካከል በስሙ ተጽፏል፤ ቀኑም ሰዓቱም አለ። በቀጠሮው ቀን ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዞ ሄደና ለችሎቱ አስረዳ። ሲመረመር የሰሌዳ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ልጁ በነጻ ተሰናበተ።

ዳኛው መዝገባችንን ገልብጠው ሲያዩ «ማን ነው ይህንን የሚጽፈው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ጸሐፊያችን ይህንን ሲያወራ ዛሬም ደረቱ ይነፋል። ይገባዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። ለቅጣት ስንል የምንጽፈው የቀሪ መዝገብ አንድን ልጅ ከቅጣት አዳነው።

ከሁለተኛው ዓይነት የማነሣው ግን ያሳዝናል። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ቀበርነው። ባለ መኪናው ሽማግሌ ላከ፤ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እርቅ መልካም ነው፤ ደም እንዳይቃባ ያደርጋል፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው። ለአባትየው ጥቂት ሺህ ብር ተሰጠና አንድ ወረቀት ላይ በጣቱ ፈረመ። ወረቀቱ «ከእንግዲህ ወዲያ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። አባትየው አላነበበውም፤ ማንበብ አይችልም። እኛም ማንበብ የምንችለው የሚያስከትለውን አላወቅንም። በኋላ ስለ ሦስተኛ ወገን መድን ሲሰማና ሊጠይቅ ሲሄድ ያ ወረቀት ቀድሞት ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ይህንን እወቁ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ካሣ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ወስኗል። የተጎዳ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በነጻ እንዲያገኝ አዝዞ ነበር። ገጪው ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ ለተጎጂው የሚክስ የመድን ፈንድ አለ። ከዚህም ሌላ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ ነጂው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ይህ የካሣ ጥያቄ ግን ጊዜ አለው። በዚሁ ሕግ እንደ ደንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁለት ዓመት እንደ ሁለት ወር ነው የሚያልፈው።

እርቁ ይቀጥል፤ እኔ እርቅን አልቃወምም። ሰው የሞተበት የወንጀል ክስ በእርቅ ስለማይቀር እርቁ የሚነካው ካሣውን ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ወረቀቱ ጮክ ብሎ ይነበብ። «መድን ድርጅት የሚከፍለውን አይነካም» የሚል ቃል መኖሩ ይታይ። የፖሊስ ሪፖርትና የሞት ማስረጃ ግልባጭ ለቤተ ሰቡ ይሰጥ። ከእኛ ሽማግሌዎች የሚጠበቀው ይህ ነው። ያኔ እኔም ያንን አላደረግሁም።

ሐ/ ስለ ቀንና ስለ ማኅተም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሌላ ከተማ መዝገብ ቤት ስሠራ ነው። አንድ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸው በአቧራ ቀልቷል፤ ከሩቅ በእግራቸው ነው የመጡት። በቤታቸው ግምት ላይ ያስጻፉትን አቤቱታ ይዘዋል። የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። እኔ ግን ማኅበር ነበረብኝና መዝገቡን ቀደም ብዬ ቆልፌ ነበር። «እማማ፣ ሰኞ ይምጡ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቀኑ ዛሬ ነው የሚያልቀው አሉኝ» አሉ። «ግድ የለም፣ ሰኞ ይምጡ» ብዬ ቁልፉን በኪሴ አድርጌ ወጣሁ።

ሰኞ በጠዋት መጡ። መዝገብ ወደ ኋላ አይጻፍምና የሰኞን ቀን ጽፌ፣ የሰኞን ማኅተም መትቼ ተቀበልኳቸው። ከሳምንታት በኋላ ፋይሉ ሊቀመጥ ወደ እኔ ሲመለስ ገልጬ አየሁት። ሁለት መስመር ብቻ ነው የተጻፈበት፤ «ጊዜው ካለፈ በኋላ የቀረበ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም» ይላል። ማስረጃ የተደረገውም የእኔ ማኅተም ነው።

እሳቸው ውሳኔውን ሊሰሙ ሲመጡ ነገርኳቸው። «እኔ እኮ ዓርብ መጥቼ ነበር» አሉ። ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «እማማ፣ ለዚህ ማስረጃ አለዎት?» አልኳቸው።

ማስረጃቸው እኔ ነበርኩ። ከእኔ በቀር ምስክር አልነበራቸውም። አየት አድርገውኝ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እኔም ሥራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ቤታቸውን እንደ ተገመተባቸው እየከፈሉ ኖሩበት ወይስ ትተውት ሄዱ፣ ተከታትዬ አላጣራሁም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ዛሬ ለእናንተ የነገርኳችሁ ግን በእኔ ዓይነት ሰው እጅ ስትወድቁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ሕግ የሚሠራው በቀን ነው። እውነት ይዞ በማግሥቱ የመጣ ሰው፣ ውሸት ይዞ በቀኑ በመጣ ሰው ይቀደማል። ስለዚህ፤

1ኛ/ ማንኛውም ወረቀት ሲደርሳችሁ የደረሳችሁን ቀን በጀርባው ላይ ወዲያውኑ ጻፉ ወይም አስጽፉ። የአቤቱታ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በስንት ቀን ውስጥ አቤት እንደሚባል በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አስጽፉ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

2ኛ/ አቤቱታ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ማኅተም የሌለው ቅጂ ያልተሰጠ አቤቱታ ነው።

3ኛ/ ዋናውን ደረሰኝ፣ ካርታውን፣ ሊብሬውን ለማንም አትስጡ፤ ለማመሳከር ብቻ አሳይታችሁ ግልባጩን ስጡ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሆነውን አይተናል። በክልላችን የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ጠፍቷል። መዝገብ ቤት ይጠፋል፤ በሣጥናችሁ ያለው ደረሰኝ ግን ይተርፋችሁ ይሆናል።

4ኛ/ ያልተስማማችሁበትን የትራፊክ ወረቀት አትቅደዱ፤ ከፖሊሱም ጋር በመንገድ ላይ አትጣሉ። የመንገድ ላይ ክርክር ሌላ ክስ ይጨምራል። የተጻፈውን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የሰሌዳ ቁጥር አንብባችሁ ክርክራችሁን ለችሎት አቆዩት። ጥፋት ያጠፋ ደግሞ በጊዜው ይክፈል። ከቀጠሮ መቅረት ያለ ክርክር መሸነፍ ነው።

መ/ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተናገርኩት መሠረት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው ይወስንበት።

አንደኛ፣ በየወሩ ስብሰባችን ሲያልቅ ለአንድ ሰዓት ያህል የወረቀት ማንበቢያ ጊዜ ይኑረን። ወረቀት የመጣበት ሰው ይዞ ይምጣ። እኔ መነጽሬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ የሚያግዙኝ የተማሩ ልጆችም አሉን። ክፍያ የለውም። የሕግ ባለሙያ የሚያስፈልገው ሲሆንም «ይህ ከእኛ በላይ ነው» ብለን እንናገራለን።

ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛ ዘንድ ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ እንደሚያድር ሁሉ፣ ችሎት ወይም ቢሮ ለሚሄድ ችግረኛ አባል፣ በተለይም ባል ለሞተባቸውና ለአቅመ ደካሞች፣ ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ። የሚሄዱት ለመከራከር አይደለም፤ ቆመው ለማየት ነው። ያቺ እናት ያን ዓርብ ሁለት ሰው ከኋላቸው ቢቆምላቸው ኖሮ እኔ መዝገቡን እከፍት ነበር። ቢያንስ «ማስረጃ አለዎት?» ብዬ ለመጠየቅ ባልደፈርኩም ነበር።

ሦስተኛ፣ የእድሩ ገንዘብ ለቅጣትም ለግብርም አይውጣ። ይህንን አጥብቄ የምለው ባለፈው ወር ሐሳቡ ስለተነሣ ነው። የቀብር ገንዘብ ለቀብር ነው። አንድ ጊዜ ለአንዱ የትራፊክ ቅጣት ከከፈልን ለሌላው ምን እንላለን? ሣጥናችን ባዶ ሲሆን ሟቻችንን በምን እንሸኛለን? የምንሰጠው ጉልበታችንን፣ ዓይናችንንና ጊዜያችንን ይሁን። ለፎቶ ኮፒ የምታስፈልገው ጥቂት ብር ከየኪሳችን ትዋጣ።

የተከበራችሁ አባላት፣ አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር። ያ ቃል የሚሠራው የሚሰማ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው። እድራችን እስከ ዛሬ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀበር አድርጓል። ከእንግዲህ ደግሞ ማንም አባል በመስኮት ፊት ብቻውን እንዳይቆም ያድርግ ነው የምለው።

 በሚመጣው ወር ስብሰባ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። የእኔንም የወጥ ቤት ደረሰኝ አሳያችኋለሁ።

እግዚአብሔር አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።